ዴላኒ ጨርሳ የወጣችው ፈተና

ቶኒያ ክሬብስ ቶሊዶ ከተማ ውስጥ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳለች። ጥርሷን የነቀለችበት ሥራ ስለሆነ የትኛው ልጅ ጠዋት ተቆጥቶ እንደወጣ፣ የትኛው ደግሞ ሊያለቅስ እንደደረሰ ከፊት ባለው መስታወት አይታ ትለያለች። የገዛ ልጇ የዴላኒ ሆድ መባስ ግን ድንገት ነው ቤቷ ድረስ የመጣባት፤ ያውም የኮሌጅ መግቢያው የሙከራ ፈተና ውጤት የወጣ ዕለት።

ዴላኒ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት እንደገባች ስልኳን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ጣል አድርጋ ክፍሏ ገባች። ቶኒያ ስልኩን አንስታ አየችው። ውጤቱ ዝቅተኛ ነው። ረጋ ብላ ስታየው ግን አንድ ነገር ገረማት። ልጅቷ ከሠራቻቸው ጥያቄዎች ውስጥ የሳተችው ከስንት አንድ ነው። የጣሏት ያልደረሰችባቸው ናቸው፤ ግማሹን ፈተና ጭራሽ አልነካችውም።

"ለምንድነው ያልጨረስሽው?" አለቻት በሩን ገርበብ አድርጋ።

"ሰነፍ ስለሆንኩ ነዋ። ሌላ ምን ይሆናል?"

"ሰነፍ አይደለሽም።"

"እማ፣ አንዷን አንቀጽ ሦስቴ ነው የማነባት። እኔ እስኪገባኝ ሌላው ሰው የትና የት ደርሷል።" ዴላኒ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "መጽሐፎቹን እኮ ጓደኛዬ ቤካ ናት ምሳ ሰዓት ላይ የምትተርክልኝ። የቀረውን በጆሮ ማዳመጫ እሰማለሁ። አንብቤ የጨረስኩት መጽሐፍ የለም።"

ቶኒያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ይህች ልጅ ከተማው ዳር ያለው ሐይቅ በየዓመቱ ሙቀት ሲገባ ለምን አረንጓዴ እንደሚለብስ አንዴ አፏን ከከፈተች የማታቆም፣ አድጋ የሐይቁን ውሃ እመረምራለሁ የምትል ልጅ ናት። አላወቀም የሚባል ጭንቅላት አይደለም። ታዲያ ምን ያዛት?

በማግስቱ የትምህርት ቤቱን የተማሪዎች አማካሪ፣ ሚስተር ኖቫክን ሄዳ አነጋገረች። ኖቫክ ረጅም፣ ትከሻው የጎበጠ፣ ሰው ሲያናግረው ከልቡ የሚያዳምጥ ሰው ነው። ልጅቷ ትመርመር ብሎ ነገሩን ለሚመለከታቸው መምህራን አቀረበላት። መልሱ ግን አንገት የሚያስደፋ ነበር። ዴላኒ በየትምህርቱ እያለፈች ስለሆነ ትምህርት ቤቱ እሷን የሚመረምርበት ምክንያት አላየም።

"እኔ በበኩሌ ልክ ነዎት እላለሁ፣ ወይዘሮ ክሬብስ" አላት ኖቫክ። "ግን የፈተናው ድርጅት ተጨማሪ ሰዓት የሚሰጠው ባለሙያ መርምሮ እክል እንዳለባት ሲያረጋግጥ ነው። በግል ማስመርመር ይችላሉ።"

በግል የሚመረምሩትን ደውላ ጠየቀች። የነገሯት ዋጋ ከምትነዳት አሮጌ መኪና ዋጋ ይበልጣል። አመሰግናለሁ ብላ ስልኩን ዘጋች።

ከሰዓት በኋላ አውቶቡሶቹ በሚያድሩበት ግቢ ዱዌን አገኛት። ዱዌን አብሯት የሚነዳ፣ ሰው ሳይተነኩስ ውሎ የማያውቅ ሽማግሌ ነው።

"ምነው፣ አውቶቡሱን ቦይ ውስጥ ከተትሽው እንዴ? ፊትሽ እንደዚያ ነው የሚለው።"

"አንተን ነው የምከትህ። ተወኝ ዛሬ።"

አልተዋትም። ጎትጉቶ ጎትጉቶ ነገሩን ሁሉ አስወጣት። ሰምቶ ሲጨርስ ቀልዱን ተወ።

"የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ ነው የተመረመረችው" አላት። "የሥነ ልቦና ተማሪዎች ናቸው የሚሠሩት፣ አስተማሪያቸው እያየች። የሚያስከፍሉሽ እንደ ገቢሽ ነው። አንቺን ደግሞ እዚህ የሚከፍሉሽን ሲሰሙ አዝነው ምሳም ሳይጋብዙሽ አይቀሩም።"

ቶኒያ እዚያው ቆማ ደወለች። ወረፋው እስከ ሐምሌ ድረስ ነው ተባለች፤ ክፍያው ግን የምትችለው ነበር። ለሁለት ቀን ምርመራ አስመዘገበቻት።

ያልጠበቀችው ዴላኒ እምቢ ማለቷን ነው።

"ደደብ መሆኔን በምርመራ ልታረጋግጪልኝ ነው?"

"ምን እንደሆነ ልናውቅ ነው።"

"ሌላው በሰዓቱ እየጨረሰ እኔ ተጨማሪ ሰዓት ስቀበል ማጭበርበር አይሆንም? ቤካ ብትሰማስ?"

"መነጽር የሚያደርግ ልጅ ያጭበረብራል?" አለች ቶኒያ። "ቤካ አትሰማም። ካልነገርሻት ማንም አይሰማም። አንድ ቀን ብቻ ሞክሪልኝ። ከጠላሽው በማግስቱ አንሄድም።"

በሐምሌ ሄዱ። የተቀበለቻቸው ማሪሶል የምትባል ተለማማጅ ነበረች፤ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ የያዘች፣ ጫማዋ ስትራመድ ሲጥ ሲጥ የሚል ወጣት። ለቶኒያ ሁሉንም ነገር በትሕትና አስረዳቻትና ዴላኒን ይዛት ገባች። ቶኒያ መጠበቂያው ክፍል ተቀምጣ መጽሔት እያገላበጠች አንዲት መስመር አላነበበችም።

እኩለ ቀን ሳይሆን በሩ ተከፈተና ዴላኒ ዓይኗ ቀልቶ፣ እናቷን ሳታይ አልፋ ወጣች። ትርጉም የሌላቸው የፈጠራ ቃላት ድምጿን አሰምታ እንድታነብ ሰጥተዋት ነበር። በወሬም፣ በግምትም፣ በቤካም ሊያመልጡት የማይቻል ነገር ነው። ከሦስተኛው ቃል በኋላ ምላሷ ታሰረ።

ቶኒያ ልትከተላት ስትነሳ ማሪሶል "ከፈቀዱልኝ እኔ ልሂድ" አለቻት። ሄዳም መኪና ማቆሚያው ጠርዝ ላይ ከዴላኒ አጠገብ መሬት ተቀመጠች። ቶኒያ በመስኮት ታያቸዋለች። ምን እንደተባባሉ የሰማችው በኋላ ከልጇ አፍ ነው።

"ያን ገጽ ሁሉም ሰው ይጠላዋል" አለች ማሪሶል።

ዴላኒ ከአስፋልቱ ላይ ጠጠር አንሥታ ወረወረች።

"ዛሬ ካልፈለግሽው ነገ እንሠራዋለን። ለአሁኑ ቅርጽ የሚገጣጠምበት ጨዋታ አለኝ። ወይም እዚሁ እንቀመጥ። ፀሐይ ደስ ይለኛል።"

"አንቺም ገና ተማሪ ነሽ አይደል?" አለቻት ዴላኒ። "ብትሳሳቺስ?"

"አስተማሪዬ ሁሉን ነገር ታያለች። ከተሳሳትኩ አንቺ ሳትሆኚ እኔ ነኝ የምወድቀው።"

ዴላኒ ሳታስበው ሳቀች። "እሺ፣ እንዳትወድቂ ብዬ ነው የምመለሰው" ብላ ተነሣች። በማግስቱ ደግሞ ማንም ሳይቀሰቅሳት ቀድማ መኪናው ውስጥ ተቀምጣ ነበር።

ውጤቱን ሊሰሙ የተጠሩት በነሐሴ ነው። ማሪሶል ከአስተማሪዋ ጎን ተቀምጣለች፤ ስትናገር ግን ወደ ዴላኒ ነው የምታየው። በጆሮዋ ሰምታ የመረዳት ችሎታዋ ከአብዛኛው እኩያዋ በላይ መሆኑን ነገረቻት። ፊደልን ከድምፅ ጋር የምታገናኝበት ፍጥነት ግን በጣም ዝቅተኛ ነው። ስሙ ዲስሌክሲያ እንደሆነ፣ የንባብ እክል እንጂ የአእምሮ ድክመት እንዳልሆነ አስረዳቻት።

ዴላኒ የእጅጌዋን ጫፍ ጎተተች። ከዚያ ቀስ ብላ "ስለዚህ ሰነፍ አይደለሁም?" አለች።

"ሰነፍ ብትሆኚማ ሁለተኛ ክፍል ላይ ተስፋ ትቆርጪ ነበር" አለቻት ማሪሶል። "ሌላው ልጅ ባዶ እጁን የሚሄድበትን መንገድ አንቺ ሸክም ይዘሽ ነው የሄድሽው። ማንም ሳያግዝሽ።"

ቶኒያ ዓይኗን በእጇ ጀርባ አበሰች። አስተማሪዋ የሶፍቱን ሳጥን ወደሷ ገፋ አደረገችላት።

ከዚያ በኋላ ሥራው የኖቫክ ሆነ። የምርመራውን ውጤት ይዞ መምህራኑን እንደገና ሰበሰባቸው፤ በክፍል ፈተናዎችም ተጨማሪ ሰዓት ተፈቀደላት። የፈተናው ድርጅት ተጨማሪ ማስረጃ ሲጠይቅ የሚፈልገውን አዘጋጅቶ ላከ፤ መልስ ሲያዘገዩበት በየሳምንቱ ይደውል ነበር። የተጨማሪ ሰዓቱ ፈቃድ የመጣ ቀን አውቶቡሱ ድረስ ሄዶ ለቶኒያ በመስኮት ነገራት። ከኋላ የተቀመጡት ልጆች ሹፌራቸው ለምን መሪው ላይ ግንባሯን እንደደፋች አልገባቸውም።

ዴላኒ ዋናውን ፈተና በኅዳር ወር በአንዱ ቅዳሜ ተፈተነች። ሌሎቹ ተማሪዎች ወጥተው፣ ወላጆቻቸው ወስደዋቸው፣ የመኪና ማቆሚያው ጭር ካለ በኋላ ቶኒያ ብቻዋን ቀረች። በመጨረሻ ዴላኒ ጃኬቷን በክንዷ ላይ ጥላ ወጣች። መኪናው ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን አሰረችና "ጨረስኩት" አለች። "ሁሉንም። መጨረሻው ላይ ተርፎኝ እንደገናም አየሁት።"

"እንዴት ነበር?"

"ከባድ ነው። ግን የማነበው ነገር ጥሩ ነበር። ስለ ንቦች ነው። ጥሩ መሆኑን እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር፣ ደርሼበት ስለማላውቅ።"

ወደ ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ ቆመው፣ ቅመም የበዛበት የሥጋ ወጥ የፈሰሰበት ሆት ዶግ ሁለት ሁለት በሉ።

ውጤቱ ጉድ የሚያሰኝ አልነበረም፤ የሐይቁን ጥናት ልትማርበት ለምታስበው ኮሌጅ ግን በቂ ነበር። የገና በዓል ሳይደርስ ቶኒያ የኦቾሎኒ ቅቤ አድቦልቡላ፣ ቸኮሌት ውስጥ እየነከረች ትልቅ ሣጥን ሞላችና ከልጇ ጋር ክሊኒኩ ሄደች። ማሪሶል ስታያቸው ደስ አላት፤ ወዲያው ግን ፊቷ ላይ ጭንቅ መጣ።

"ስጦታ መቀበል አይፈቀድልንም፣ ወይዘሮ ክሬብስ። በጣም አዝናለሁ።"

"ማን ስጦታ አለሽ?" አለች ቶኒያ፣ ሣጥኑን መቀበያው ጠረጴዛ ላይ እየከፈተች። "እኔና ልጄ መክሰስ ልንበላ ነው የመጣነው። እዚህ የቆመ ሰው አብሮን ቢበላ አንከለክልም።"

አስተማሪዋ ከውስጥ ብቅ ብላ አየቻቸውና የመጀመሪያውን ራሷ አነሣች። መቀበያ ላይ ያለችው ልጅ ተከተለች። ወረፋ የሚጠብቁ አንዲት እናትና ልጅም ኑ ብሉ ተባሉ። ማሪሶል ጣቷ ላይ የቀረውን ቸኮሌት እየላሰች ስለ ሐይቁ ጠየቀቻት፤ ዴላኒም ግድግዳውን ተደግፋ፣ ውሃው ለምን አረንጓዴ እንደሚሆን ከመጀመሪያው ጀምራ ትነግራት ገባች።