የኋላ መቀመጫ የሌለው ዶቅዶቄ

በሃምሳዎቹ አጋማሽ፣ አሰበ ተፈሪ ከሙሴ ያኒ ጋራዥ ሥራ ልጠይቅ የገባሁ ቀን አንድም ሞተር አልነካሁም። ሙሴ ያኒ ግሪክ ነበር። አማርኛን የተማረው ከከባድ መኪና ሾፌሮች ስለሆነ ከሰላምታው ስድቡ ይቀናዋል። ሁለት የቧንቧ ቁራጭ ወረወረልኝና «በይድ» አለኝ። አሰቦት ባቡር ጣቢያ አጠገብ አልጋና የመስኮት ብረት ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝና አልፈራሁም። በየድኩ፣ በሞረድ አስተካከልኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት ወልውዬ አቀረብኩለት።

ውበቱን ዞር ብሎም አላየው። ሞርሳ ላይ አሰረና ብየዳውን በሰጌቶ፣ በብረት መጋዙ፣ መሐል ለመሐል ከፈለው። ውስጡን በጣቱ ዳሰሰ። ነሐሱ ከግማሽ አላለፈም ነበር። «ውጪው ሰርግ፣ ውስጡ ለቅሶ» አለኝ። «ከአልጋ የወደቀ ሰው ይስቃል። ከሞተር የወደቀ አይስቅም። ድገም።» ስደግም ዋልኩ። ጋራዡ ሲዘጋ ቁርጥራጮቼን በእግሩ ገፋ አደረገና ነገ ከዋናው መካኒክ ከጋሽ መንግሥቱ ሥር ረዳት ሆኜ እንድጀምር ነገረኝ።

ረዳት ማለት ዕቃ በናፍጣ የሚያጥብ፣ የብሎን መፍቻውን ኪያቬ የሚያቀብልና የሚሰደብ ማለት ነው። ከዓመታት በኋላ የቀድሞው በያጅ ድሬዳዋ ሲሄድ ቦታውን እኔ ያዝኩ። የካርባይዱ በርሜል፣ የጋዙ ጎማና የነሐሱ ዘንግ ሁሉ በእኔ ኃላፊነት ሆነ። ከዚያ በኋላ የሚሰድበኝ ሙሴ ያኒ ብቻ ነበር።

የሞተርሳይክል ቴላዮ የምንለው ሞተሩን፣ ጎማዎቹንና ሰውየውን ባንድ ላይ የሚሸከመውን የብረት አጥንት ነው። ከፋብሪካ ሲመጣ ለማንም እንዲስማማ ሆኖ ስለሚመጣ ማንንም አያስደስትም። በስድሳዎቹ መግቢያ ላይ አንድ የድሬዳዋ ጎረምሳ ቤንዚን ሊቀዳ እኛ ጋ ቆመ። የነዳው ዶቅዶቄ ወገቡን ዝቅ፣ አንገቱን ወደፊት ሰገግ ያደረገ፣ ቴላዮው እንደገና በእጅ የተሠራ ነበር። የአሰበ ተፈሪ ሰው ሱቁን እየተወ ወጣ። ሙሴ ያኒ «ጎማህ አየር ጎሎታል» ብሎ ተንበረከከና ጎማውን የሚፈትሽ መስሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ በስንዝር ለካው። ጎረምሳው መንገድ ሳይጀምር እኛ ወለሉ ላይ በጠመኔ ሥዕሉን ጀምረን ነበር።

የመጀመሪያውን በውሃ ቧንቧ ሠራነውና ስፌቱ ላይ ተሰነጠቀ። ሁለተኛውን ከድሬዳዋ በባቡር ሚኤሶ ድረስ በመጣ ስፌት አልባ ቧንቧ ሠራነው። ቧንቧ እንዲሁ ካጠፉት ይጨራመታል። ስለዚህ ውስጡን በደረቅ አሸዋ ጠቅጥቀን፣ ሁለቱንም ጫፍ በእንጨት ወትፈን፣ እስኪቀላ አግለን ነው የምናጥፈው። አሸዋውን ከቦርደዴ ደረቅ ወንዝ አስመጣን፤ የደጋው አሸዋ እርጥበት አለውና እሳት ሲነካው ውታፉን እንደ ጥይት ያስፈነጥረዋል። ይህንን ያወቅነው የጋሽ መንግሥቱ ኮፍያ ከተበሳ በኋላ ነው።

ዋጋው ቀላል አልነበረም። አንድ ቴላዮ ማሠሪያ ያገለገለ ሙሉ ሞተር ይገዛል። በዚያ ላይ አሮጌው ቴላዮ ለጋራዡ ይቀራል፤ የሙሴ ያኒ ሕግ ነው። እንዲያም ሆኖ ሰው ተሰለፈ። አንዱ የጫት ነጋዴ ልጅ ከሁሉም የረዘመ ካልሆነልኝ ብሎ አስረዘመና ገበያው መንገድ ላይ መዞር አቅቶት ቆመ። እናቱ መጥተው ከኋላ እየገፉ አዞሩት፤ «ለሚስትህ ብታወጣው ምን ነበር?» እያሉ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይኼ ነው።

ብስቅም ገብቶኝ ነበር። እነዚህ ሰዎች ሁሉ በሰው ልክ የተሰፋ ልብስ፣ በሌላ ሰው ልክ የተሠራ ቤት፣ በመሥሪያ ቤት የተመደበ ወንበር ነበራቸው። በገዛ ቁመታቸው፣ በገዛ ክንዳቸው ርዝመት የተለካ ነገር ያገኙት እኛ ጋ ነው። እግራቸውንና ክንዳቸውን ስለካ ፊታቸው ላይ የማየው ደስታ ዛሬም አይረሳኝም።

ድሬሰር ታደለ የመጣው በዚህ መሐል ነው። የደብረ ማርቆስ ሰው ነው፤ በጤና ጣቢያው ተመድቦ አራት ዓመት ሆኖታል፣ ያላገባ፣ በአንዲት ክፍል ኪራይ የሚኖር። በራሱ ገንዘብ በገዛት አሮጌ ዶቅዶቄ እስከ ቦኬና ከቦኬ ማዶ እየሄደ የፈንጣጣ ክትባት ይሰጣል። በዚያ መንገድ እጁን ያነሣ እግረኛ ካለ ማለፍ ነውር ነው። ታደለም አያልፍም። ሽማግሌ፣ ነፍሰ ጡር፣ በግ ያቀፈ ገበያተኛ፣ ሁሉም ጀርባው ላይ ወጥቷል። ገጠሩ ስሙን ትቶ «አባ ዶቅዶቄ» ይለው ነበር።

አንድ የገበያ ቀን የወፍጮ እግር ልበይድ በጭነት መኪና ቦኬ ሄጄ ሥራውን በዓይኔ አየሁ። ታደለ ዛፍ ሥር ጠረጴዛውን ዘርግቷል። ሰዉ ራቅ ብሎ ቆሟል፤ መርፌው ያስፈራል። ያን ዕለት ከኋላው ተቀምጠው የመጡት ኦቦ ዩሱፍ የሚባሉ የመንደር ሽማግሌ ነበሩ። ተነሡና ክንዳቸውን ገለጡ። መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ ለእኔና ለታደለ እንዲገባን ይመስለኛል፣ በአማርኛቸው እንዲህ አሉ፦

«እኔ ከዚህ ሰው ጋር መጣሁ። መንገድ ሁሉ ገደል ነው። ሊገድለኝ ቢፈልግ እዚያ ይጥለኝ ነበር፤ ለምን መርፌ ይገዛል?»

ሰዉ ሳቀ፤ ከሳቁ ኋላ ሴቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው ተሰለፉ። በየመንደሩ እንዲህ ነበር የሚሆነው። ቀድሞ ተሳፍሮ የሚያውቅ ሰው ቀድሞ ክንዱን ይሰጣል፣ ሌላው ይከተላል። ይህንን ታደለም እኔም እያየን አላየነውም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል።

ታደለ ጋራዡን ማዘውተር ጀመረ። የተጠናቀቁትን ቴላዮዎች በመዳፉ እየዳሰሰ ሻይ ይጠጣል። አንድ ቀን ስሜን ጠርቶ «ኃይሉ፣ ለእኔስ አትሠራልኝም?» አለኝ።

«ገንዘቡስ?»

«አጠራቅሜያለሁ። አገሬ የማውቃት ልጅ ነበረች፣ አገባች። ለማን አስቀምጠዋለሁ?»

ሙሴ ያኒ በልኩ ሥዕሉን ሣለና ቁርጡን ነገረው። ዝቅ ያለው ቴላዮ ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከኋላ ሰው ከተጫነ የፊቱ ጎማ መሬት መያዝ ይተዋል። «የምታሳፍራቸውስ?» አልኩት ታደለን።

«ኃይሉ፣ በእግዜር» አለኝ። «አራት ዓመት ሙሉ ጀርባዬ ላይ ያልተነፈሰ ሰው የለም። ብቻዬን መንዳት ምን እንደሚመስል እንኳ አላውቀውም። መርፌ የምወጋቸው አይበቃም?»

አልተከራከርኩትም። ሥራውም አጓጉቶኝ ነበር።

እንደዚያ ያለ ቴላዮ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሠራሁም። አንገቱ ላይ ያለውን መጋጠሚያ ሙሴ ያኒ መብራት አስጠግቶ አየና ሰጌቶውን ሳያነሣ ሄደ። ከእሱ ከዚህ የበለጠ ምስጋና አይገኝም። ጥቁር ሰማያዊ ቀባነው። ታደለ የወጣበት ቀን ተማሪዎች እስከ ከተማው መውጫ ድረስ ተከትለው ሮጡ። ቀጭኑ ሰውዬ ያን ዕለት ትከሻው ሰፍቶ ታየኝ፤ ደስ አለኝ።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት መንገደኛው እንደ ልማዱ እጁን ያነሣ ነበር። ታደለ የሚያሳፍርበት ቦታ የለውም፤ ዝም ብሎ ማለፍም አፍሮ እሱም እጁን አንሥቶ ሰላም ይልና ያልፋል። ቆይቶ የሚያነሣ ጠፋ። ጋራዥ መጥቶ «መንገዱ ተለቀቀልኝ፣ ቦኬ ከድሮው በግማሽ ሰዓት ቀድሜ ደረስኩ» አለኝ። እኔም ብየዳዬን ማሞገሱ መስሎኝ ተደሰትኩ።

ክረምቱ ሲወጣ ቦኬ አጠገብ ባለው በኦቦ ዩሱፍ መንደር ፈንጣጣ ገባ። ታደለ በነጋታው ገና ላልተከተቡት መድኃኒቱን ይዞ ሄደ። የሆነውን የነገረኝ ተመልሶ ጋራዣችን ውስጥ የዘይት በርሜል ላይ ተቀምጦ ነው። እንደ ልማዱ ዛፍ ሥር ጠረጴዛውን ዘርግቶ ዋለ። ከሁለት ከሦስት ሰው በቀር የመጣ የለም። ሌሎቹ ልጆቻቸውን ወደ ቆላ አሸሹ። ኦቦ ዩሱፍ መጡና አጠገቡ ተቀመጡ።

«ኦቦ ዩሱፍ፣ ሰዎቹን ይጥሩልኝ እንጂ» አላቸው።

«ጠራሁ። አይመጡም። ሴቶች እንዲህ ይላሉ፤ ድሮ የመጣው ሌላ ሰው ነው፣ የኛ ነው። ይኼኛው የመንግሥት ነው።»

«እኔው ነኝ እኮ።»

«አንተ ነህ። እኔ አውቃለሁ። ሚስቴ ታማ መንገድ ላይ ቆመች። አንተ እጅ አነሣህ፣ ሄድክ። ወላሂ አልተቆጣችም። ቦታ የለውም አለች፣ በእግሯ መጣች።»

እያደር ታደለ ቤት ለቤት እየለመነ ጥቂቶቹን ከተበ። ብዙዎቹን አላገኛቸውም። በዚያ ዓመት ከዚያ መንደር ልጆች ሞቱ። ቁጥሩን ታደለ ያውቃል፣ እኔ አልጠየቅሁትም። ልቤ አልቻለም።

«አሮጌውን ቴላዮ መልስልኝ» አለኝ በርሜሉ ላይ እንደተቀመጠ። ሄጄ ላመጣለት አልችልም። አሮጌዎቹን እየቆራረጥን አልጋ እንሠራባቸዋለን፤ የሱ ቴላዮ ያን ጊዜ አሰበ ተፈሪ ውስጥ ማን እንደሆነ የማላውቀው ሰው ተኝቶበታል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። «እንግዲያው በዚሁ ላይ መቀመጫ ቀጥልልኝ» አለ።

ያን ሰማያዊ ቴላዮ ወገቡ ላይ በሰጌቶ ቆረጥኩት። የኋላውን ጎማ ወደ ኋላ ገፋሁ፣ ሁለት ወፍራም ቧንቧ ደገፍኩበት፣ ከላይ የቆዳ መቀመጫ አሰርኩበት። ሙሴ ያኒ አይቶ «ሙሽራ ላይ የከሰል ጆንያ ትጭናለህ?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አስቀያሚ ነበር። ግን ጠንካራ ነበር፤ እኔና ጋሽ መንግሥቱ አብረን ተቀምጠን ሞክረነዋል።

በቦኬ የገበያ ቀን ታደለ አብሬው እንድሄድ ለመነኝና ከኋላው ተቀመጥኩ። መንገዱ በግራና በቀኝ በገበያተኛ ተሞልቷል። ታደለ እያንዳንዱ ሰው አጠገብ ሲደርስ ያቀዘቅዛል። እጁን ያነሣ የለም። ሰላምታ ግን አይነፍጉንም፤ «ነጋያ?» ይላሉ፣ ፈቀቅ ብለው ያሳልፉናል። መቀመጫው በእኔ ስለተያዘ ይሆናል ብዬ ወረድኩ። ባዶው መቀመጫ እንዲታይ እሱ ከፊት እያዘገመ፣ እኔ ከኋላ በእግሬ ተከተልኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

አቀበቱ ላይ ኦቦ ዩሱፍን አገኘናቸው። ዱላ ይዘው፣ ከመንደራቸው ሰዎች ጋር ነው የሚሄዱት። ታደለ ሞተሩን አጠፋና ወረደ።

«ኦቦ፣ ይውጡ። መቀመጫ አሠርቻለሁ።»

ኦቦ ዩሱፍ ቀረብ አሉ። ቆዳውን ጫን ጫን አደረጉት፤ ጎንበስ ብለው ብየዳዬን አዩ።

«ጠንካራ ነው» አሉ። «ማነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ፣ አባቴ» አልኩ።

«ጎበዝ። እጅህ ይባረክ።» ከዚያ ወደ ታደለ ዞረው ትከሻውን ያዙት፤ ቁጣ ፊታቸው ላይ አልነበረም። «እኔ ግን ከነዚህ ጋር ነኝ። እግሬም መንገዱን ለመደ። አንተ ሂድ፣ እንዳይመሽብህ።»

ዱላቸውን አስቀድመው ከሰዎቹ ጋር አለፉን። ታደለ ሞተሩን ለማስነሣት ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ሞተሩ ምንም አልሆነም ነበር።

ከዓመት በኋላ ታደለ ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ተዛወረ። ዶቅዶቄዋን አንድ ወጣት ነጋዴ ገዛት። ገዢው በነጋታው ጋራዥ አምጥቶ መጀመሪያ ያለኝ «ይኼን ከኋላ ያለውን ቁረጥልኝ፤ ውበቱን አበላሽቶታል» ነው። ቆረጥኩለት። ሥራዬ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ቴላዮ ሠርቻለሁ፤ አንዱም አልተሰበረም፣ የታደለም አልተሰበረም። አሁን በዚህ ሙያ ላላችሁ የምለው ይኼን ነው፦ ልክ ስትወስዱ የባለቤቱን ብቻ አትውሰዱ። ከኋላው ማን ይቀመጥ እንደነበር ጠይቁት። መልሱን ከመስማታችሁ በፊት ሰጌቶ አታንሡ።