ከስክሪኑ የተረፈው ማሳ

ደባርቅ ተቀምጬ የገበሬ ማሳ ካርታ የማዘጋጅ የመሬት ባለሙያ ነኝ። ቢሮው ላፕቶፕ ሲያስመርጠን ለዳገት ትቀለኛለች ብዬ ትንሿን ያዝኩ። «ስክሪኗ ይበቃሻል?» ሲሉኝ «ይተርፈኛል» አልኩ።

አልበቃኝም። ጃናሞራ ሄጄ፣ ሽማግሌዎች በተሰበሰቡበት፣ ባላቸው የሞቱባቸውን የእማማ ጥሩነሽን ማሳ አጉልቼ ከፈትኩና «ድንበርዎ እዚህ ጋ ያበቃል» አልኳቸው። እሳቸውም፣ ጎረቤታቸው አያ ሞላም፣ ሽማግሌዎቹም «እሺ» አሉ። ቢሮ ተመልሼ በትልቁ ኮምፒውተር ሳየው ግን የማሳው የታችኛው ጥግ ከትንሿ ስክሪን ውጭ ቀርቶ ኖሯል። ያለቀው ስክሪኑ እንጂ መሬቱ አልነበረም።

የአንዲት አሮጊት መሬት በእኔ አፍ ሊሄድ ነው ብዬ ሦስት ቀን እህል አልወርድልሽ አለኝ። በአራተኛው ቀን ጥፋቴን በሰው ፊት ልናገር ቆርጬ ተነሣሁ። ስደርስ አያ ሞላ በሬዎቻቸውን ጠምደው ያንኑ ጥግ እያረሱ ነው። ደሜ ፈላ።

«አያ ሞላ፣ ያቁሙ! የእማማ ጥሩነሽ መሬት ነው! የተሳሳትኩት እኔ ነኝ!» እያልኩ፣ ላፕቶፑን ከፍቼ በሁለት እጄ እንደያዝኩ ትልሙን አቋርጬ ሮጥኩ።

በሬዎቹን አቁመው ትኩር ብለው አዩኝ።

«የማን እንደሆነ ጠፍቶኝ ነው እታለም? ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ የማርስላቸው እኔ አይደለሁም?»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን እሺ አላችሁ?»

«ያን ሁሉ ዳገት ወጥተሽ ደክሞሽ ነበር። እንግዳ በሰው ፊት ይታረማል እንዴ?»