በማሽኑ ውስጥ ያጠፋሁት ስም

በደርግ ዘመን ማብቂያ አካባቢ እኔና ባለቤቴ ቦሌ መንገድ ላይ በነበረ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንሠራ ነበር። ለየክፍለ ሀገሩ የሚላከው መድኃኒት እዚያ በአንድ ኮምፒውተር ይመዘገባል። ጠዋት ከጉርድ ሾላ በአውቶቡስ አብረን እንመጣለን። የማሽኑ ኃላፊ እሱ ነበር፤ እኔ መዝገብ አስገባለሁ። ማሽኑ የሚሠራበት ሥርዓት ዩኒክስ ይባላል። ሁሉን የሚያስችለውን የይለፍ ቃል ለሌላ ሰው መንገር ክልክል ነው። እሱ ስብሰባ ሲሄድ ሥራ እንዳይቆም ብሎ ለእኔ ነግሮኝ ነበር።

አንድ ዓርብ እሱ የውይይት ክበብ እንደገባ፣ ዲስኩ ሊሞላ መቃረቡን የሚናገር መልእክት መጣ። በነገረኝ የይለፍ ቃል ገባሁና ቤት እንደሚያጸዳ ሰው የማያስፈልገውን መፈለግ ጀመርኩ። አንድ የፋይሎች ማውጫ ውስጥ ብዙ ስሞች ተደርድረዋል። መጠናቸው መጻፍ በነበረበት ቦታ ሁለት ሁለት ትንንሽ ቁጥሮች ብቻ አሉ። ባዶ ናቸው አልኩ። ቀኑ የቆየውን አንዱን አጠፋሁ። ሌሎቹንም ላስከትል ስል ስልክ ጠራኝ።

ከሰዓት በኋላ እሱ እንደ ልማዱ የሳምንቱ መዝገብ ለመጠባበቂያ ወደ ቴፕ እንዲገለበጥ አዘዘ። ቴፑ አልዞረም። ማሽኑ ግን ይጽፋል። ጻፈ፣ ጻፈና ቆመ። እሱ ማውጫውን ከፍቶ አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ሳይጠይቀኝ ነገርኩት።

አልተቆጣም። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«እነዚህ ፋይል ይመስላሉ እንጂ ውስጣቸው የተቀመጠ ነገር የለም» አለኝ። «ወደ ስሙ ሲጻፍ ማሽኑ ተቀብሎ ወደ መሣሪያው ያሳልፈዋል። አንደኛው ቁጥር ከውስጥ ማን እንደሚቀበል ይናገራል፤ ሁለተኛው ከመሣሪያዎቹ የትኛው እንደሆነ። ያጠፋሽው የቴፑን ነው። ስሙን ሲያጣው በዚያው ስም ተራ ፋይል ፈጠረና ሁሉን ዲስኩ ላይ ቆለለው፤ ዲስኩም ሞላ።»

ሁለቱን ቁጥሮች በቃሉ ያውቃቸው ነበር። ስሙን ወዲያው መልሶ ሠራው። የዕለቱ መዝገብ ግን ተበላሽቶ ስለነበር ለሁለት ክፍለ ሀገር የሚሄደው ጭነት ቆመ።

ሰኞ የፓርቲው ተጠሪ ሁላችንንም አዳራሽ ሰበሰበን። እኔ የታሰረ ወንድም ነበረኝ። አሻጥር የሚለው ቃል በእኔ ላይ ቢወድቅ ምን እንደሚከተል ሁለታችንም እናውቃለን። ማን እንዳጠፋው ተጠየቀ።

«እኔ ነኝ፣ ጓድ» አለ ባለቤቴ።

«አውቀህ ነው?»

«ሳላውቅ ነው። ባዶ መስሎኝ።»

ከኋላ አንዱ «የቀለም ቀንድ!» አለና ተሳቀ። የእኔን አለማወቅ በገዛ አፉ ሲናገረው አንገቴን ደፋሁ እንጂ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። እሱ ወደ አንድ ክፍለ ሀገር መጋዘን ተልኮ ዓመት ሙሉ ካርቶን ሲያስጭን ኖረ። ከተመለሰም በኋላ ማሽኑን አልሰጡትም።

ቤታችን ውስጥ አንድም ቀን አላነሳብኝም። ጡረታ ከወጣ በኋላ ብቻ፣ ዛሬ ስሞቹ ዲስክ ላይ እንደማይቀመጡ ነገረኝ። ማሽኑ ሲነሳ ራሱ በጊዜያዊ ትውስታው ውስጥ ይፈጥራቸዋል፤ መሣሪያ ሲሰካ ስሙ ይመጣል፣ ሲነቀል ይሄዳል። «አሁን ብታጠፊውም መልሶ ይሠራዋል» አለኝ። «ቸኩለሽ ተወለድሽ።»

በሞተ በሦስተኛው ቀን የድሮ ባልደረቦቹ ድንኳኑ ውስጥ ስለ እሱ ያወሩ ነበር። አንዱ፣ ኀዘኑን ላቅልል ብሎ መሰለኝ፣ የማሽኑ ባለሙያ የገዛ ማሽኑን ያነቀበትን ቀን አነሳ። ሰዎቹ ፈገግ አሉ።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

ያ ወሬውን ያነሳው ሰው መሬት መሬት እያየ፣ «ተይው እህቴ፣ እሱ እንደሆነ አርፏል» አለኝ፤ ሌላው ወሬ ቀየረ። በኀዘን የምቀባጥር መስሏቸው ይሆናል። ስለዚህ እዚህ አስፍሬዋለሁ። ባለቤቴ የቴፑን ስም አላጠፋም። ስሙ ምን እንደሆነም፣ ቁጥሮቹ ምን እንደሚሉም፣ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከነበርነው ሁሉ አጥርቶ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።