ግማሹ ቁልፍ

ቅዳሜ ጠዋት ከምኖርበት ከሰመርሊን ተነስቼ ወላጆቼን ልጠይቅ ሰፈራቸው ዊንቸስተር ስደርስ፣ አባቴን አፓርታማው ሥር ካለው ፓርኪንግ፣ ከአሮጌዋ መኪናው አጠገብ ቆሞ አገኘሁት። ሰላም ሳይለኝ ግራ እጁን ዘረጋና መዳፌ ላይ ግማሽ ቁልፍ አስቀመጠልኝ፤ ጥቁር ላስቲኩ የተላላጠው፣ በጣት የሚያዘው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ የሞተር ማስነሻው ቀዳዳ ውስጥ ተሰብሮ ቀርቷል። ስትሮክ ከመታው ወዲህ ቀኝ እጁ ይንቀሳቀሳል እንጂ የሚነካውን አይሰማውም። ሐኪሞቹ መኪና እንዳይነዳ ነግረውታል፣ እሱም እሺ ብሏል፤ ግን እናቴ ለሥራ እስክትወጣ ጠብቆ ሞተሯን ላሙቃት ብሎ ወርዷል። ቁልፉ ሲጣመም እጁ አልነገረውም። «ቀጭ ሲል ነው የሰማሁት» አለኝ፣ የሌላ ሰው መኪና እንደሆነች ሁሉ። ቁልፉን አሸተትኩት። ለምን እንዳሸተትኩት አላውቅም፤ ብቻ ልጅ ሳለሁ አባቴ ከሥራ ሲመለስ ጣቶቹ የሚሸቱትን የናስ ሽታ ይሸታል።

አባቴ ስትሪፕ በሚባለው የካዚኖዎች ጎዳና ላይ ካለ አንድ ትልቅ ሆቴል በር ላይ ቫሌ ነበር፤ የእንግዳ መኪና ተቀብሎ የሚያቆም፣ እንግዳው ሊሄድ ሲል ደግሞ አምጥቶ የሚያስረክብ። ቀኑን ሙሉ የሰው ቁልፍ እጁ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ስለሚውል፣ ቤት ገብቶ በሳሙና ቢታጠብም ሽታው አይለቀውም ነበር፤ እኔ ደግሞ ፊቴን ሲዳብሰኝ ከሽቶ አብልጬ እወደው ነበር። ሰውን የሚያውቀው በቁልፉ ነው። አንድ እፍኝ ቁልፍ ያንጠለጠለ እንግዳ ገጥሞት ከሆነ፣ ጫማውን እያወለቀ እናቴን «ዛሬ ደግሞ እንቅልፍ የሌለው ሰው መጣልኝ» ይላታል፤ አንዲት ቁልፍ ብቻ ያለችው ሲመጣ ደግሞ ወይ ገና ተፋትቷል ወይ በጣም ሀብታም ነው ይል ነበር። ያንን ሁሉ ውድ መኪና ሲያሽከረክር ውሎ ማታ የሚመለሰው ግን በእኛይቱ በሰማያዊዋ ነው፤ ከአንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው የገዛት፣ ገና ከመጣችበት ቀን ጀምሮ ቁልፏም ማስነሻዋም አብረው ያረጁ።

መኪናዋ ለማንም አትታዘዝም ነበር። ቁልፉን እስከ መጨረሻው አስገብቶ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ፣ ክንድን አላልቶ ማዞር ያስፈልጋል፤ ያ «ትንሽ» ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቀው የአባቴ እጅ ብቻ ነው። እናቴ ሞክራ ሞክራ ሲያቅታት ዳሽቦርዱ ላይ እጇን ጭና ትጸልይ ነበር። አባቴ የዩኒፎርሙን ኮፍያ አውልቆ ጸሎቱ እስኪያልቅ በሩን ይዞ ይጠብቅና፣ አሜን ብሎ፣ በሁለት ጣቱ ያስነሳታል። ምስጋናው ወደ የት እንደሚሄድ ግን በእናቴ ዘንድ ምንም ጥያቄ አልነበረም።

እኔ የማውቀው አማርኛ ከቤት፣ ከመኪናና ከቤተ ክርስቲያን የቃረምኩት ስለነበር አንዳንዱ ቃል ከአንድ ቦታ ውጭ ሌላ ሥራ ያለው አይመስለኝም ነበር። አንድ እሑድ የልጆች ክፍል አስተማሪያችን ጋሽ ታደሰ ስለ አልዓዛር ሲያስተምሩን «ጌታ አልዓዛርን ምን አደረገው?» ብለው ጠየቁ። ልጆቹ በአንድ ድምፅ «አስነሳው» አሉ። «እንዴት አስነሳው?» ሲሉ ማንም አልመለሰም፤ እኔ ግን በደንብ የማውቀው ነገር በመምጣቱ ደስ ብሎኝ እጄን አወጣሁ። «መጀመሪያ ቁልፉን እስከ ውስጥ ድረስ ያስገባል፣ ከዚያ ሊትል ቢት ወደ ኋላ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ።» ጋሽ ታደሰ ወደ ሰሌዳው ዞረው ብዙ ቆዩ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ፓርኪንግ ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ በአምልኮ መጨረሻ መኪናው እምቢ ያለው ሰው ሁሉ «ነይ እስቲ አልዓዛርን አስነሺልን» ይለኝ ጀመር። አባቴ ይህን ለሥራ ባልደረቦቹ ሁሉ እንዳወራው፣ በየሺፍቱ አዲስ ሰው በተቀጠረ ቁጥርም እንደገና እንደሚያወራው የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ያኔም ቁልፉ አንድ ጊዜ ተሰብሮ ነበር። የገበያ ቀን ነው፤ በጋው አናት የሚበሳ፣ ወንበሩ ጭንን የሚያቃጥል፤ እናቴ እሷው ልታስነሳ ገብታ በንዴት ስታዞረው ጭንቅላቱ እጇ ላይ ቀረ። በዚያ ሲያልፍ የነበረ አንድ ጎረቤት ጫፉን በሱፐር ግሉ ለጥፋችሁ አውጡት ብሎ መከረ። አባቴ በትሕትና አመሰገነውና ሰውዬው እስኪርቅ ጠበቀ። ከዚያ መጀመሪያ ማስነሻውን በካቻቢቴ ጫፍ ቀስ አድርጎ ቁልፍ ወደሚወጣበት ቦታ መለሰው፤ እዚያ ካልተመለሰ ስባሪው ቢጎተት ውሎ ቢያድርም አይወጣም። ጥቂት ዘይት ጠብ አደረገበትና ቀጭን የመጋዝ ምላጭ ከጎኑ አሾለከ። አይስክሬሙ ከረጢቱ ውስጥ ቀልጦ ይንጠባጠባል፣ እናቴ ጥላ ሥር ቆማ ፊቷን አዙራለች፣ እኔ አባቴ ጭን ላይ ተቀምጫለሁ። «እንዳትገፊው» አለኝ፣ «በገፋሽው ቁጥር ወደ ውስጥ ነው የሚገባው።» ምላጩን አስያዘኝና እጄን በእጁ ሸፍኖ ሳበው። «ነከሰ? ተሰማሽ?» ተሰምቶኝ ነበር። ከብረቱ ውስጥ አንድ ትንሽ ነገር የምላጩን ጥርስ መልሶ እንደያዘው ዓይነት ነበር፤ እስከ ክርኔ ድረስ መጣ። ስባሪው ሲወጣ አባቴ ሁለቱን ግማሾች ናፕኪን ላይ አጋጠማቸውና በዚያው ልክ አዲስ ቁልፍ አስቀረጸ፤ አሁን የተሰበረው ያ የቁልፉ ልጅ ነው።

ቅዳሜ ዕለት የጠራሁት ቁልፍ ሠሪ የመጣው ብዙም ሳይቆይ ነው። አባቴ ከኋላው ቆሞ ሲያየው፣ ሰውዬው ያንኑ የአባቴን ሥራ በተሻለ መሣሪያ ሠራው፤ መለሰው፣ አለሰለሰው፣ በቀጭን ወረንጦ ሳበው። እኔ የማስበው ስለሚቀጥለው ጥያቄ ነበር። አዲስ ቁልፍ ከተሠራ አባቴ ነገም ይወርዳል፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ከማሞቅ አልፎ ይነዳል፣ መንገዱ ላይ ደግሞ ትምህርት ቤት አለ። ስለዚህ ሰውዬውን ወደ ጎን ወስጄ በፈጣን እንግሊዝኛ ላናግረውና፣ አባቴን ደግሞ ለእንደዚህ ያለች አሮጌ መኪና ቁልፍ አይገኝም ብዬ ልዋሸው ቃላቱን አዘጋጅቼ ነበር። ሰውዬው ስባሪውን መዳፉ ላይ ይዞ ስንት ቁልፍ ላውጣላችሁ ብሎ ሲጠይቅ ግን አባቴ ቀደመኝ።

«ኖ ኪ፣ ሰር። ታንክ ዩ» አለ፣ እንግዳ በሚሸኝበት ድምፁ። ወደ እኔ ሳይዞር በአማርኛ ጨመረ፤ «ይሄ እጅ ሰው ቢገጭ እንኳን አይነግረኝም።»

ያዘጋጀሁት ውሸት አፌ ውስጥ ቀረ። ማልቀስ የነበረብኝ ያኔ ይመስለኛል፤ ምንም አልመጣም። አባቴ ያ «ትንሽ ወደ ኋላ» የሚለው ነገር በዓለም ላይ የሚኖረው በእሱ ጣቶች ውስጥ ብቻ እንደነበረ፣ አሁን የትም እንደሌለ፣ እኔም አንድ ቀን ተሰምቶኝ የነበረ ቢሆንም መልሼ ላደርገው እንደማልችል ገባኝ፤ የገባኝም የባንክ ወረቀት ሲነበብ እንደሚገባኝ በደረቁ ነው። ሰውዬውን ሸኘሁና አባቴን ምሳ ልጋብዝህ አልኩት። እሺ አለ።

የእኔ መኪና ያለ ቁልፍ፣ አዝራሯ በጣት ተጭኖ ነው የምትነሳው። እሱ በፊት ለፊት ዞሮ ጋቢና ገባ፤ በሕይወቴ ከመሪ ጀርባ እንጂ እዚያ ተቀምጦ አይቼው አላውቅም። ከዚያ ቀበቶውን ለመሳብ ግራ እጁን ወደ ግራ ትከሻው ላከ፣ ሾፌር እንደሚፈልገው። አላገኘውም። እንደገና ፈለገው፣ የወንበሩን ጠርዝ እየዳበሰ። ያገኘዋል ብዬ ጠበቅሁ። ከዚያ በላዩ ጎንበስ ብዬ በቀኝ ትከሻው በኩል ሳብኩና አሰርኩለት፤ እሱም እስክጨርስ ድረስ ሁለት እጆቹን ወደ ላይ አንስቶ፣ መስኮቱን እያየ ጠበቀኝ።