ለግራ እጅ የተቀየሩ ቁልፎች

ኮምፒውተር ላይ አዲስ ዕቃ ሲሰካ «ጡ-ዱም» የምትል ድምፅ አለች። አሁን በምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ሰው ፍላሽ በሰካ ቁጥር እሰማታለሁ። ብዙ ጊዜ ቁብ አልሰጣትም። አንዳንድ ቀን ግን አረቄ አረቄ ይሸተኛል። አትሳቁ፣ ነገሩ እንዲህ ነው።

ከቁሐር ሚካኤል መጥተን ወረታ ቤት ተከራይተን ነበር፤ እኔ ዘጠነኛ ክፍል እማራለሁ፣ ታላቅ ወንድሜ ሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ ቤት ይሠራል። አንድ ቀን የወፍጮው ማሽከርከሪያ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ የቀኝ እጁን አውራ ጣትና ጠቋሚውን ወሰደበት። ከዚያ በፊት ከወፍጮው አጠገብ ባለው ጌም ቤት በኮምፒውተር ኳስ ጨዋታ የሚችለው አልነበረም። እናታችን ከገጠር መጥታ ዋንዛዬ ፍል ውኃ ወሰደችው። ቁስሉ ደረቀ፤ እሱ ግን ከአልጋው ጫፍ አልነሣ አለ። ጓደኞቹ ሲመጡ ፊቱን ያዞራል። እኔ ደግሞ ቁጭ ብሎ ግድግዳ የሚያይ ሰው አልወድም።

ከትምህርት ቤት ስለቀቅ በቀጥታ ጌም ቤቱ ሄድሁ።

«ጋሼ፣ አንዱን ጆይስቲክ ለግራ እጅ ላስተካክለው» አልኋቸው ባለቤቱን።

«አንች? ካበላሸሽውስ?»

«ካበላሸሁት በእሱ ፈንታ እኔን ይሰኩኝ።»

ሳቁና ለቀቁልኝ። በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳ በሚገባው ብርሃን ውስጥ የሩዝ ገለፈት ብናኝ ይዋልል ነበር። ብናኙ ጆይስቲኩም ውስጥ ገብቷል። ኮምፒውተሩ ለመምቻ የምፈልገውን ቁልፍ እንድጫን ይጠይቀኛል፤ ገና ጣቴን ሳላሳርፍ መንጃ ዘንጉ ራሱ ያዘነብልና እሱን ይመዘግበዋል። ሦስቴ ሞከርሁ። በመጨረሻ ፈታሁት፤ ባለቤቱ ከጓዳ ባመጡልኝ አረቄ ጥጥ ነክሬ ጠረግሁት። መልሼ ስሰካው ኮምፒውተሩ «ጡ-ዱም» አለ፤ መንጃው ቀጥ ብሎ ቆመ። መምቻውንና ማቀበያውን የግራ ጣቶች ወደሚደርሱባቸው የላይኞቹ ቁልፎች አዛወርሁ።

ወንድሜን አመጣሁት ከማለት ጎተትሁት ማለት ይሻላል። የጌም ቤቱ ደንብ አንድ ነው፤ የተሸነፈ ይነሣል፣ ተራ የያዘ ይቀመጣል። የቅርብ ጓደኛው ገጠመው።

«ይኸ ጆይስቲክ ጠጥቷል እንዴ? ይሸታል እኮ!» አለ አንዱ ከኋላ። ተሳቀ። ወንድሜም ፈገግ አለ።

አንድ አገባ። ሁለት አገባ። ሦስተኛው ላይ የጓደኛው ተከላካዮች እንደ አጥር እንጨት ተገትረው አሳለፉት። ወንድሜ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

«አውቀህ ነው የለቀቅኸኝ?»

«ኧረ አይደለም፣ እመቤቴን…»

«የተቆረጠው ጣቴ ነው፣ ዓይኔ አይደለም።»

ወንድሜ ብድግ አለ። ሊወጣ ሲል ጓደኛውን ገፋ አድርጌ በቦታው ተቀመጥሁ።

«ቁጭ በል፣ እኔ አላዝንልህም።»

እውነትም አላዘንሁለትም። አራት ለዜሮ አሸነፍሁት። አራተኛዋን ሳገባ ጆሮው ቀልቶ ነበር።

«ተነሣ እንግዲህ» አልሁት፣ «ደንብ ነው።»

«ኸረ አንች ልጅ!» አሉ ባለቤቱ። ጓደኛውም ክፉ አየኝ። ወንድሜ ግን ተነሣ። በሩን አየ፣ ተራ የሚጠብቁትን አየ። ከዚያ ወደ ኋላ ሄዶ ከመጨረሻው ልጅ ቀጥሎ ግድግዳውን ተደገፈና፣ «ከዚህ ቀጥሎ እኔ ነኝ» አለ።

እኔም ለጓደኛው ቦታውን ለቀቅሁለት። የወንድሜ ተራ ሲደርስ ያው ጓደኛው ገጠመው፤ አሁን ግን አልማረውም። ወንድሜ ተሸነፈ፣ ተራገመ፣ እንደገና ተሰለፈ። እኔ ሰልፍ አልወድም፤ ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ሄደ። ከእኔ ጋር ግን ዳግመኛ ተጫውተን አናውቅም። አንድ ቀን ሳልፍ በሩ ላይ ቆም አልሁ፤ ውስጥ ሁሉም ባንድ ላይ ይጮሁ ነበር። የእሱን ድምፅ ከሌሎቹ መለየት አቃተኝ።