ሞተር በመዳፍ ሲመረጥ

ጊምቢቹ ውስጥ አባይነሽ ኤርጫፎን በስሟ የሚጠራት ጥቂት ሰው ነው። ላም ያለው ገበሬ ሁሉ «ዶክተር» ይላታል፤ ዶክተር አለመሆኗን ስንቴ ብታስረዳም የሚሰማት የለም። የሰፈሩ ጎረምሶች ደግሞ ስታልፍ «ኮርማዋ መጣች!» ይላሉ። እሷም እርምጃዋን ሳትገታ፣ «ጠዋት የጠጣኸውን ወተት ማን ያመጣልህ መስሎሃል?» ብላ ታልፋለች።

ሥራዋ ላሞችን ማዳቀል ነው። በትከሻዋ በምታንጠለጥለው ብርማ ዕቃ ውስጥ፣ ነጭ ጉም በሚተነፍስ ብርድ ተቀብሮ፣ አይታው የማታውቀው የሩቅ ኮርማ ዘር ተኝቷል። አሥራ ሁለት ዓመት ሠርታበትም ክዳኑን በከፈተች ቁጥር ትንፋሿን ትይዛለች። ያን የሚያህል ኮርማ ከስንዴ አገዳ በማይወፍር ቀሰም ውስጥ! ይህን ነገር የለመደ ሰው ካለ ልቡን ይመርመር፣ ትላለች።

ላም ግን ቀጠሮ አታከብርም። ጠዋት ኮርማ የፈለገች ላም ከሰዓት፣ ከሰዓት የፈለገች ደግሞ በማግስቱ ጠዋት መዳቀል አለባት። ሰዓቱ ካለፈ ያው ሃያ አንድ ቀን መጠበቅ ነው። አባይነሽ እግር እንጂ ክንፍ የላትም፤ የሰው ሞተር ላይ ተፈናጣ የምትደርስበት አለ፣ ተፈናጣም የማትደርስበት አለ።

ከማትደርስባቸው አንዷ አዜብ ነበረች። አዜብ ከጊምቢቹ ወደ ቆላ በሚወርደው መንገድ መጨረሻ፣ ከወንዙ ማዶ የምትኖር ባልዋ የሞተባት ሴት ናት። ያላት ላም አንዲት ናት፤ ዳማ ትባላለች። ለዳማ አባይነሽ ሁለት ጊዜ ዘግይታ ደርሳለች። ሦስተኛውን ጊዜ ከጠዋት ጀምራ በእግሯ ወርዳ ስትደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃ፣ ዳማም ምንም እንዳልፈለገች ሁሉ ረጋ ብላ ሣር ትግጥ ነበር።

አዜብ አልተቆጣችም። ውኃ አመጣችና «እግርሽን ታጠቢ» አለቻት። «አንቺ ምን ታደርጊ ዶክተርዬ፣ ሰው ነሽ። ግን አንድ ዕድል ነው የቀረኝ። አሁንም ካልያዘች እሸጣታለሁ። ባዶ ላም የምቀልብበት አቅም የለኝም።»

አባይነሽ ዳገቱን ስትመለስ ቀኑን በጣቶቿ ቆጠረች። ሃያ አንድ። እቁቧ ወጥቶላታል። መንጃ ፈቃዷንም ከወር በፊት ሆሳዕና ላይ ተቀብላለች። የማሰልጠኛው ሜዳ ላይ «ለማጅ» የሚል ጽሑፍ በተለጠፈባት ሞተር ስምንት ቁጥር ስትሠራ፣ አሥራ ሁለት ጊዜ ወድቃ አሥራ ሦስት ጊዜ የተነሳች እሷ ናት። የቀራት ሞተሩ ነበር።

ምክር ግን አልቀረባትም። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቿ «ጭቃ ነው፣ ድንጋይ ነው፣ ከፍ ያለ ግዢ» አሏት። ጎረቤቷ «መቶ ሃምሳ ሲሲ ካልሆነ ዳገቱ ይመልስሻል» አላት። አሰልጣኟ ኤሊያስ ብቻ ራሱን ነቀነቀ። «እህቴ፣ ቁመትሽን አይተሻል? ቆመሽ መሬት የማትረግጪበትን ሞተር አትግዢ። ግን ትገዣለሽ። ሁሉም ለማጅ ጉልበቱን ሳይሆን ምኞቱን ነው የሚገዛው።»

እውነትም ምኞቷ ሆሳዕና፣ ያገለገሉ ሞተሮች ከሚሸጠው ከሚክያስ ሱቅ በር ላይ ቆማ ነበር። ቀይ ናት። ረጅም፣ ደረቷን የነፋች፣ መስታወቶቿ እንደ ቀንድ የተዘረጉ። አባይነሽ ሁለት ጊዜ አይታታለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ስትመለስ ባጃጁ ውስጥ ለብቻዋ ፈገግ ብላለች።

ልትገዛ የሄደች ቀን አባቷ አብረዋት ነበሩ። አቶ ኤርጫፎ የሰባ ስምንት ዓመት አዛውንት ናቸው። ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን ሞራ ጋርዷቸው የሐኪም ቀጠሮ ስለነበራቸው ነው እንጂ፣ ለሞተር ጉዳይ ማን ያመጣቸዋል? በጉልምስናቸው በቅሎ ነጋዴ ነበሩ። ሀብታም ሁሉ በቅሎ ሲገዛ አስቀድሞ እሳቸውን ይልክ እንደነበር አባይነሽ በልጅነቷ ሰምታለች፤ ግን የሽማግሌ ወሬ አድርጋ ትታዋለች።

«አባዬ፣ እዚህ ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ አሁን እመጣለሁ» አለቻቸው።

«ልብስ ነው የምትገዢው ወይስ መጓጓዣ?» አሉ ሽማግሌው። «መጓጓዣ ከሆነ አልቀመጥም።»

ሚክያስ ምላሱ ማር ነው። «እህቴ፣ ከትናንት ጀምሮ ስንት ሰው ጠየቀኝ መሰለሽ! ያንቺ ናት ብዬ ነው ያቆየኋት» አለና ማስነሻዋን አንዴ ረገጠ። ቀይዋ ሞተር ወዲያው ተነሳች፤ ድምፅዋ የሱቁን ቆርቆሮ አንቀጠቀጠው። የአባይነሽ ልብ አብሮ ተነሳ።

«አጥፋት» አሉ አቶ ኤርጫፎ።

ጠፋች። ሽማግሌው በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ተጠጉና የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳስስ ሰው መዳፋቸውን ወደ ሞተሯ ጎን ዘረጉ። ገና ሳይነኳት ግለቱ መለሳቸው። አሁን ተነስታ አሁን የጠፋች ሞተር እንዲህ አትግልም።

«ልጄ፣ ከእኛ በፊት ማን ጋለባት?»

«ማንም አልነዳትም አባቴ። ከትናንት ጀምሮ እዚሁ ቆማለች።»

«ታዲያ ቆማ የሚያልባት አሟት ነው?»

ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሚክያስም ሳቀ፤ ግን ዘግይቶ።

አባይነሽ ፊቷ ቀላ። «አባዬ፣ ሞተር እኮ በቅሎ አይደለችም» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አንካሳ በቅሎ የሚሸጥ ነጋዴ» አሉ አቶ ኤርጫፎ፣ እሷን ሳይሆን አየሩን የሚያስተምሩ ይመስል፣ «ገበያ ሳይደርስ ያስሮጣታል። ሰውነቷ ሲሞቅ ማንከሷ ይጠፋል። ገዢ ያያታል፣ ይወዳታል፣ ይወስዳታል። ቤት ገብታ ስትቀዘቅዝ ነው እግሯ የሚናገረው። እኔ ይህን የማውቀው ስላደረግኩት ነው፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ። ነገ ማለዳ፣ ቀዝቅዛ ሳለች እናያታለን።»

ዘመድ ቤት አደሩ። በማግስቱ ሆሳዕና ጉም ለብሳለች፤ የባጃጆቹ መብራት በጉሙ ውስጥ እንደ እንቁላል አስኳል ይዋኛል። ሚክያስ ቁልፉን እያንቃጨለ ሲመጣ ሽማግሌው ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው በሩ ላይ ነበሩ።

«አባቴ፣ ጠባቂ ቀጥረውብኛል እንዴ?»

«ክፈትና ርገጣት።»

ረገጣት። ዝም። ደግሞ ረገጠ። ኡህ ኡህ ብላ ሳለች። ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ። ሚክያስ ጃኬቱን አወለቀ። በአሥራ አራተኛው ተነሳችና ሰማያዊ ጭስ ተፋች፤ ሁለት ጊዜ ተንገጫግጫ ጠፋች።

«ይኸው ተናገረች» አሉ አቶ ኤርጫፎ።

አባይነሽ አባቷን እንደ አዲስ ሰው አየቻቸው። ዓይን የላቸውም፤ ሞተር ነድተው አያውቁም፤ የቀይዋን ቅላት እንኳ አላዩም። ምናልባትም ያዳናቸው አለማየታቸው ነው።

ሽማግሌው ጆሯቸውን ወደ ሱቁ ጥግ አዘነበሉ። «ትናንት አንዲት ሞተር ስትገባ ስትወጣ ነበር። ድምፅዋ ትንሽ፣ ግን የማይቆራረጥ። እሷ የማን ናት?»

«እሷማ የሱቁ ናት፤ ዳቦና ዕቃ የምናመላልስባት። መቶ ሲሲ ናት፣ አሮጌ። አትሸጥም።»

«ነጋዴ ለራሱ ያስቀራትን በቅሎ ነው እኔ ስገዛ የኖርኩት።»

ሚክያስ ራሱን አከከና ቦታዋን አሳየ። ትንሿ ሞተር ጥግ ላይ፣ አቧራ ለብሳ፣ ከኋላዋ የዳቦ ቅርጫት እንደታሰረባት ቆማለች። ቀለሟ ግራጫ ይሁን ሰማያዊ አይለይም። አቶ ኤርጫፎ መዳፋቸውን ጎኗ ላይ አሳረፉ። እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቃዛ ነበረች። «አንቺ ርገጪ» አሉ ልጃቸውን።

አባይነሽ አንዴ ረገጠች። ተነሳች። ያለ ጩኸት፣ ያለ ማጉረምረም፣ ተጠርቶ «አቤት» እንደሚል ሰው ተነሳች። ሽማግሌው ጭሱን በእጃቸው እየቀለቡ አሸተቱ፣ ረጅም ጊዜ አዳመጡ፣ ከዚያ «ውጪባት» አሉ።

ወጣችባት። የሁለቱም እግሮቿ መዳፎች ሙሉ በሙሉ መሬቱ ላይ አረፉ። ይህን ያህል ነገር ብቻ ነበር፤ ግን ከማሰልጠኛው ሜዳ ጀምሮ ሆዷ ውስጥ የተቀመጠው ፍርሃት በእግሮቿ በኩል ወደ መሬት ሲወርድ ታወቃት። አጭር ቁመቷን ዕድሜዋን ሙሉ እንደ ጉድለት ነበር የምታየው። ለካ ልኳን የምትጠብቅ ነገር ዳቦ ስታመላልስ ኖራለች!

ሚክያስ እያቅማማ የዳቦ ቅርጫቱን ፈታና ዋጋዋን ተቀበለ። ጊምቢቹ ሲገቡ ጎረምሶቹ ወጡ። «ኮርማዋ በበቅሎ መጣች! ዶክተር፣ ይህቺስ መቼ ነው የምታድገው?»

«ቤንዚን ሰልፍ ላይ እንገናኝ፤ የትልቅ ሞተር ጌታ ያለቅሳል ወይስ እኔ፣ እናያለን» አለቻቸው።

በየጠዋቱ ከሥራ በፊት ተለማመደች። ብርማውን ዕቃ ቀጥ ብሎ እንዲቆም በጎማ ገመድ አሰረችና፣ ዕቃው ሳይጋደም ቁልቁለት መውረድን ተማረች። ሁለት ጊዜ ወደቀች፤ ዕቃው ያኔ ባዶ ነበር።

በሃያ አንደኛው ቀን፣ ገና ሲነጋ፣ ስልኳ ጮኸ። አዜብ ነበረች፤ ድምፅዋ ይቆራረጣል። «ዶክተርዬ፣ ዳማ ጀመረች! ትናንት ከሰዓት ነው። ኔትዎርክ አጥቼ፣ ኮረብታው ላይ ወጥቼ ነው የምደውልልሽ። አልፏል መሰለኝ...»

«አላለፈም። ሳታስጨንቂያት እሰሪያት።»

ግን ሊያልፍ ነበር። በእግር ቢሆን አልፎ ነበር። አባይነሽ ሄልሜቷን አጠለቀች፣ ገመዱን ሁለት ጊዜ ጎትታ አረጋገጠች፣ አንዴ ረገጠች።

መንገዱ እንደ እባብ ይጠማዘዛል። በግራ የእንሰት ጓሮዎች፣ በቀኝ ገደሉ፣ ከታች የቆላው ሜዳ በማለዳው ብርሃን ሰማያዊ ሆኖ ተኝቷል። አሥራ ሁለት ዓመት በወረደችበት መንገድ ቀና ብላ ይህን ሜዳ አይታ አታውቅም፤ እግረኛ ዓይኑ ድንጋዩ ላይ ነው። አሁንም ዓይኗን ከድንጋዩ መንቀል አልነበረባትም፤ ግን አንድ መታጠፊያ ላይ ሳታስበው ቀና አለችና ትንፋሿ ቆመ። እዚህ ኖሯል ይህ ሁሉ?

ወንዙ ላይ ደረሰች። ሌሊት ላይ ዘንቦ ኖሮ ሞልቷል። ቀስ ብላ ገባች። መካከል ላይ ውኃው ሞተሯን ጎኗን መታት፤ ሞተሯ አንዴ አቃሰተችና ጠፋች።

የጎርፉ ድምፅ ብቻ ቀረ። ረጅሟ ቀይ ብትሆን ኖሮ ይህን ጊዜ እሷም ሞተሯም፣ ብርማው ዕቃም ጭምር ውኃ ውስጥ ነበሩ። የአባይነሽ እግሮች ግን የወንዙን ወለል አገኙት። ቆመች። ገመዱን ዳሰሰች፤ ዕቃው ቀጥ ብሎ ቆሟል። እየገፋች፣ እያማጠች ማዶ አወጣቻት። ውኃውን አራገፈች፣ ረገጠቻት። ዝም። ሰዓቷን ማየት አልፈለገችም። ጓንቷን አውልቃ መዳፏን የሞተሯ ጎን ላይ አሳረፈች። ቀዝቅዛለች።

«እንግዲህ» አለቻት፣ «አንቺ የምትነሺው ቀዝቅዘሽ ነው።»

ረገጠች። ሳለችና ውኃ ተፋች። ደገመች። ተነሳች።

አዜብ በረት አጠገብ ቆማ ነበር። ዳማን በግንዱ አስራታለች፤ ላሟ ጅራቷን ወደ ጎን አድርጋ፣ እንዳልቸኮለች ሁሉ ረጋ ብላ ትጠብቃለች። አባይነሽ እጇን ታጥባ ክዳኑን ከፈተች። ነጩ ጉም ወጥቶ በቆላው ሙቀት ሲበተን አዜብ በእጇ አፏን ያዘች። ቀሰሙ ወጣ፣ ለብ ባለ ውኃ ሟሟ፣ ሥራው ተሠራ። አምስት ደቂቃም አልፈጀ። አሥራ ሁለት ዓመትና ሃያ አንድ ቀን፣ ከዚያም አምስት ደቂቃ።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው መጠበቅ ነበር። ላም ከያዘች በሃያ አንደኛው ቀን ዝም ትላለች፤ ካልያዘች ኮርማ ፈልጋ ትጣራለች፣ አዜብም ትደውላለች። መልካሙ ዜና የማይመጣው ዜና ነው።

ሃያ አንደኛው ቀን ሲደርስ አባይነሽ ደጅ ተቀምጣ ስልኳን ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። አባቷ የአንድ ዓይናቸው ሞራ ተገፎላቸው ከሆሳዕና የተመለሱት በዚያው ሳምንት ነው። ሞተሯን ለመጀመሪያ ጊዜ አዩዋት፤ ዙሪያዋን ዞሩ።

«ይህቺ ናት?»

«ይህቺ ናት አባዬ።»

«አይ፣ መልኳስ አያምርም» አሉ። ከዚያ የዳነችውን ዓይናቸውን ጨፈኑና መዳፋቸውን ጎኗ ላይ አሳረፉ። «አዎ። እሷው ናት።»

ጠዋቱ አለፈ። እኩለ ቀን አለፈ። ፀሐይ ወደ ቆላው ስታዘቀዝቅ ስልኩ ጮኸ። አዜብ! አባይነሽ ፈጥና አነሳችው።

«ምን ሆነች? ጀመረች?»

በወዲያኛው ጫፍ አዜብ ኮረብታውን ስለወጣች ታለከልካለች። «የለም ዶክተርዬ፣ ምንም አልሆነች። ሣሯን ትግጣለች። ዝም ብላለች።» ትንፋሿን ዋጠች። «ዝም ማለቷን ልነግርሽ ነው የወጣሁት።»