ሰይቼንቶዋና የእናቴ ነጭ ክር

የባለቤቴ አርባ ካለፈ በኋላ ልጆቼ መጥተው ቤቱን አስተካከሉልኝ። ልብሱን ለሚያስፈልገው ሰው ሰጡ፣ መድኃኒቱን ጣሉ፣ አልጋውን ወደ ግድግዳው አስጠጉ። ሲወጡ ታላቋ ልጄ በሩ ላይ ቆም ብላ፣ «እማ፣ እነዚህንም ክሮች አንሺያቸው በቃ፤ ባየሻቸው ቁጥር ነው የምታለቅሺው» አለችኝ። በቁልፎቹ፣ በምድጃው ማብሪያና በሬዲዮው ላይ ያሰርኳቸውን ነጭ ክሮች ማለቷ ነው። እውነቷን ነው። ከክር ቅርጫቴ መቀስ አነሳሁ፤ አንዱንም ሳልቆርጥ ዋልኩ። እነዚህ ክሮች ከሩቅ የመጡ ናቸውና ከመቁረጤ በፊት ከየት እንደመጡ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ካዛንቺስ ነበር። አባቴ የጂኦግራፊ መምህር ስለነበር ሰፈሩ ሁሉ «መምህር» እያለ ነው የሚጠራው። በዓለም ላይ የእኔ የሚላት ንብረት አንዲት ሰይቼንቶ ብቻ ነበረች። የዛሬ ልጆች አያውቋትም፤ የእኛ ዘመን ሰው ግን ያስታውሳታል፦ ትንሽ፣ ድቡልቡል፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ የጣሊያን መኪና። በሯን ስትከፍቱ የቤንዚን፣ ፀሐይ የበላው ወንበርና የናስትሮ ሽታ ይቀበላችኋል። ናስትሮ ያ ሽቦ የሚጠቀለልበት ጥቁር ፕላስተር ነው። ዛሬም የትም ቦታ ሲሸተኝ አባቴ ከኋላዬ የቆመ ይመስለኛል።

መኪናዋ ከምትሄድበት ቀን የምትቆምበት ስለሚበዛ የእኛ የልጆች መጫወቻ ነበረች። ተጠቅጥቀን እንገባባትና እኔ በመስኮት አንገቴን አውጥቼ «ስታዲየም! ሜክሲኮ! ጎተራ! አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያልኩ እጮሃለሁ። ሒሳቡ የሚከፈለው በቆርኪ ነበር። ቆርኪ የሌለውን አሰላ ላይ አወርደዋለሁ፤ አሰላ የት እንደሆነ ግን አላውቅም።

እናቴ የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ እየጠለፈች ትሸጥ ነበር። ቀን ቀን መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች፤ የክር ቅርጫቷ ከጎኗ አይጠፋም። ለራሷ የሠራችው አንድ ቀሚስ ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር። ከደረቱ እስከ ታች የሚወርድ ሐረግ አለው፤ የሐረጉ ቅጠል ግን ቀይ ነው።

«እማዬ፣ ቅጠል ቀይ ነው እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋት አንድ ቀን።

ዓይኗን ከመርፌዋ ሳታነሳ፣ «የአባትሽ አገር ቅጠል ቀይ ነው» አለችኝ። አባቴ የጎጃም ልጅ ነው። እኔም ለብዙ ጊዜ የጎጃም ዛፍ ሁሉ ቀይ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ጥር ላይ የአባቴ ታናሽ እህት፣ አክስቴ ሰናይት፣ ልታገባ ሆነ። አባታቸው ሲሞት ገና ሕፃን ስለነበረች ያሳደጋት አባቴ ነው። ዩኒፎርም ለብሳ ትምህርት ቤት ከምትመላለስበት ጊዜ ጀምሮ፣ «ከዚህ ቤት ሙሽራ ሆነሽ ስትወጪ በሰው መኪና አትወጪም፤ እኔው ራሴ ነኝ የማወጣሽ» ሲላት ኖሯል። የሙሽራው ወገኖች ደህና ደህና መኪና ያላቸው ነጋዴዎች ነበሩ። «መኪናውን እኛ እንልካለን፣ መምህር እንዳይቸገሩ» ብለው ሰው ላኩ። አባቴ «እግዜር ይስጥልኝ፣ መኪና አለኝ» ብሎ መለሰ። ከዚያ ወዲያ ወደ ኋላ ማለት አልነበረም።

ከመኪናዋ ይበልጥ ያረጀው ሽቦዋ ነበር። የሽቦዎቹ ልባስ ሲነኩት እንደ ድርቆሽ ይሰባበራል፤ የማገናኛዎቹ ጫፍ ዝጎ ዱቄት የመሰለ ነገር አውጥቷል። ጋራዥ ውሰዳት ሲሉት አባቴ፣ «ጋራዥ የገባች መኪና ሌላ በሽታ ሸምታ ነው የምትወጣው» ይላል። ከመርካቶ አዲስ ሽቦ ገዝቶ መጣ። ካቻቢቴና ፒንሳውን ይዞ፣ ግቢው ውስጥ ሰሌን አንጥፎ፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እየተንጋለለ ይሠራ ጀመር። የዛገውን በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል፤ አሮጌውን ሽቦ እያወጣ፣ ቀዩን በቀይ አረንጓዴውን በአረንጓዴ እየተካሁ ነው ይላል። እኔ ናስትሮውን በጥርሴ እየቆረጥኩ አቀብለዋለሁ። ደስ የሚል ሳምንት ነበር።

የሠርጉ ዋዜማ፣ ቅዳሜ፣ ሥራው አለቀና ሊሞከር ሆነ። ከበራችን ፊት ለፊት ሱቅ የነበረው ጋሽ ሸምሱ መብራቱን እንዲያይ ከመኪናዋ ኋላ ቆመ።

«ፍሬን ያዝ፣ መምህር!»

አባቴ ፍሬኑን ረገጠ።

«ፍሬቻው ነው የበራው!»

«የቱ ፍሬቻ?»

«የግራው። እስቲ አሁን ፍሬቻውን አብራ... ወላሂ፣ አሁን ደግሞ የፍሬኑ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል! ስትቆም መታጠፌ ነው ትላለች፣ ስትታጠፍ ቆሜያለሁ ትላለች። መምህር፣ ካርታ ላይ ማዳጋስካርን የምታገኝ ሰውዬ የፍሬን ሽቦ ጠፋህ?»

አጥር ላይ የተንጠለጠሉት ልጆች ሳቁ። አባቴም ሳቀ። ፈትቶ እንደገና አሰረው። ያው ሆነ። እንደገና ፈታ፤ አሁን መሳቁን ተወ። በመጨረሻ «ሆኗል» ብሎ፣ ማንም ከኋላ ሳያይለት፣ እኔን ከኋላ ወንበር አስቀምጦ ወደ ትልቁ መንገድ ወጣ። ገና ብዙ ሳንርቅ አንዲት ሴት ድንገት መንገዱን ስታቋርጥ ፍሬን ያዘ። ከኋላችን ጎማ ጮኸ። አንድ ሚኒባስ ልክ አጠገባችን ተጠምዝዞ ቆመና ሾፌሩ በመስኮት ብቅ አለ።

«ፋዘር! ልትታጠፍ ነው ልትቆም? አንዱን ምረጥ እንጂ! ልጅቷን ልታስጨርስ ነው?»

አባቴ መኪናዋን ዳር አስያዛት። እኔን ዞር ብሎ ሲያየኝ ከንፈሩ ነጭ ሆኖ ነበር። በዝግታ ወደ ቤት ተመለስን። ግቢ ገብተን ሞተሩን ካጠፋ በኋላም አልወረደም፤ እጁን መሪው ላይ እንደጫነ ቆየ። እናቴ ስትመጣ፣ «ሙሉ፣ ሰዎቹ መኪናቸውን ይላኩ። ልጄን በዚህ አሳፍሬ አልገድላትም» አላት። ሰናይትን ሁልጊዜ ልጄ ነበር የሚላት። ሰናይት እጇን በሂና እንዳሰረች በረንዳው ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ፊቷን አዙራ ወደ ውስጥ ገባች።

እናቴ ያኔ ያደረገችውን የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ፣ ራሷ ስትነግረኝ ነው። አባቴ ቀይና አረንጓዴን መለየት አይችልም ነበር፤ ሁለቱም ለእሱ አንድ ዓይነት የደፈረሰ ቀለም ናቸው። የካርታውን ደንና በረሃ የሚያስተምረው በቃሉ ይዞ ነው። ቢታወቅብኝ ሥራዬንም መንጃ ፈቃዴንም ይነጥቁኛል ብሎ ስለሚፈራ ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ለእናቴም። እሷ ግን አዲስ ተጋቢ ሳሉ ነው ያወቀችው። ለቅጠል የሚሆን አረንጓዴ ክር እንዲገዛላት ላከችው፤ ደስ ብሎት ቀይ ክር ይዞላት መጣ። «ያምራል አይደል፣ ልክ የቡቃያ መልክ» አላት። እሷም አመስግና ተቀበለችና ቅጠሉን በዚያው ጠለፈችው። «የባልና የሚስት ገመና በአንድ ጋቢ ነው የሚሸፈነው» ትል ነበር እናቴ።

ያን ቅዳሜ የክር ቅርጫቷን ይዛ መጣችና ሰሌኑ ላይ ቁጭ አለች።

«ና እስቲ ውረድ» አለችው። «ሽቦው ገና ከመግባቱ በግራሶ ተለውሷል፤ ለእኔም ቀለሙ አይታየኝም። ምልክት እናድርግበት።»

እኔ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቀዩ ቀይ፣ አረንጓዴው አረንጓዴ ነው፤ ፍንትው ብሎ ይታያል። «እማዬ፣ ይታያል እኮ» ልል አፌን ስከፍት ቀና ብላ አየችኝ።

«አንቺ መኪናው ውስጥ ግቢና ፍሬን ያዢ ስልሽ ትይዣለሽ።»

ቅርጫቷ ውስጥ የማይገኝ ቀለም የለም፤ እሷ ግን ነጩን ክር ብቻ መዘዘች። ከመሪው ሥር የሽቦዎቹን ጫፍ ሳብ ሳብ እያደረገች አንዱ ላይ አንድ ቋጠሮ፣ ሌላው ላይ ሁለት ቋጠሮ ያለው ክር አሰረች። ዞራ ወደ ኋላ ሄዳ ጓደኞቻቸውን እየፈለገች እንደዚያው አደረገች። «በቃ፣ አንዱን ከአንዱ፣ ሁለቱን ከሁለቱ» አለችው። አባቴ ተንበረከከ። አስታውሳለሁ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚሠራው። ቋጠሮዎቹን በጣቱ እየዳሰሰ አገናኘ፣ በናስትሮ ጠቀለለ። ጋሽ ሸምሱ ተጠርቶ መጣ።

«ያዢ!» አለኝ አባቴ። ፍሬኑን በሁለት እግሬ ረገጥኩት።

«በራ!» ብሎ ጮኸ ጋሽ ሸምሱ። «የፍሬኑ ነው! አልሐምዱሊላህ፣ ራሱ የፍሬኑ ነው!» ሰናይት ከቤት እየሮጠች ወጥታ በሂና የታሰረ እጇን እንደዘረጋች ወንድሟ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

ሰው ሁሉ ገባ ገባ ሲል አባቴ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ከእናቴ ጋር ቀረ። እኔ ገና ከመኪናው አልወረድኩም ነበር።

«ሙሉ።»

«አቤት።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ምኑን?» አለችው ክሯን እየጠቀለለች።

አባቴ ጨርቁን አጣጥፎ አስቀመጠ። ከዚያ፣ «ነገ ያንን ቅጠል ያለበትን ቀሚስሽን ልበሺ፤ አረንጓዴውን» አላት።

«እሺ» አለችው።

በማግስቱ ሰናይት ከወንድሟ ቤት በወንድሟ መኪና ወጣች። ቬሏ ሰይቼንቶዋን ሞልቷት አባቴ ማርሽ ለመቀየር ከጨርቁ ውስጥ እየፈለገ ነበር። እናቴ ቀይ ቅጠሏን ለብሳ ከጎኑ፣ እኔ ከሙሽራዋ ጋር ከኋላ። ጋሽ ሸምሱ በአሮጌ ፒካፑ ከኋላችን ተከተለን። ፍሬን በተያዘ ቁጥር በመስኮት ብቅ ብሎ «በርቷል!» እያለ ይጮሃል። ሜክሲኮ አደባባይ ስንደርስ የማያውቁን ሰዎች እንኳ «በርቷል! በርቷል!» እያሉ ያጨበጭቡልን ነበር። አባቴ ያን ቀን የሳቀውን ሳቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁትም።

አሁን ግቢያችን የነበረበት ቦታ ፎቅ ቆሞበታል። ሰይቼንቶዋ ለብረት ተሸጠች፤ አባቴም እናቴም አልፈዋል። እኔ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ባለቤቴን ስኳር ዓይኑን እየጋረደው ሲመጣ፣ ለእሱም ለልጆቹም ሳልናገር፣ ቁልፎቹ ላይ ነጭ ክር አሰርኩ፦ ለውጭው በር አንድ ቋጠሮ፣ ለመኝታ ቤቱ ሁለት። የሰይቼንቶዋን ታሪክ ስንት ጊዜ ነግሬው ነበር። መጀመሪያ ቀን ቁልፉን ሲያነሳ ጣቱ ቋጠሮው ላይ ቆመ። ፈገግ አለና፣ «እኔንም መኪና አደረግሽኝ?» አለኝ። «ምኑን?» አልኩት። ከዚያ ወዲያ ስለ ዓይኑ አላወራንም፤ ማውራት አላስፈለገንም። ዛሬ ሰዎች ያለባቸውን በግልጽ ይነጋገራሉ፤ ልጆቼም እንዲያ ናቸው፣ ጥሩ ነው። እኔ ግን ያሳደገኝ ያ «ምኑን?» የሚለው ቃል ነው፤ አሁን «ምኑን?» ብዬ እንድመልስለት የሚጠይቀኝ ሰው ነው ያጣሁት።

ይህን እየጻፍኩ አመሻሽ ላይ መብራት ጠፋ። ሻማ ከጎረቤት ልጠይቅ ተነሳሁና በዳበሳ ቁልፉን ፈለግሁ። ከዓይኔ በፊት ጣቴ አገኘው፤ አንድ ቋጠሮ፣ የውጭው በር። ትንሽ እዚያው ጨለማው ውስጥ ይዤው ቆምኩ።

መብራቱ ሲመጣ መቀሱን ወደ ክር ቅርጫቱ መለስኩት።